ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም፦ የብርና የአሜሪካን ዶላር የምንዛሪ ታሪክ እንዴት ይነበባል?

(የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ። ንዑስ ርእሶቹ ለንባብ እንዲመቹ ተብለው የገቡ ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።)





በአገራችን ስለ ገንዘባችን ዋጋ ውይይት በተነሣ ቁጥር ሳይሰማ የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ «ያኔ እኮ ዶላር ሁለት ብር ነበር» የሚል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ከ1965 ዓ.ም. አጋማሽ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካን ዶላር በይፋ የሚመነዘረው በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። መመርመር የሚኖርበት ከአባባሉ ጀርባ ያለው ድምዳሜ ነው። ድምዳሜው ባጭሩ ሲቀመጥ፣ ብር በዚያ ዘመን ጠንካራ ነበረ፤ ጥንካሬውም የኢኮኖሚያችን ጥንካሬ መስታወት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ውድቀት ነው የሚል ይሆናል።

እኔ ዛሬ ላሳይ የምሻው የምንዛሪ ተመን ብቻውን የአንድን አገር ጥንካሬ እንደማይለካ ነው። ተመን በአብዛኛው የአንድ አካል ውሳኔ ውጤት ነው፤ ውሳኔውም አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ያስከፍላል። ስለዚህ የተመንን ታሪክ የሚያጠና ሰው «ስንት ነበር?» ብሎ ማቆም የለበትም። «ማን ወሰነው? በዚያ ተመን ዶላር ማግኘት የቻለው ማን ነበር? ልዩነቱንስ ማን ከፈለ?» ብሎ መቀጠል ይኖርበታል። እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ከጠገራ ብር ዘመን ተነሥተን እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንጓዛለን።

ከወረቀት ገንዘብ በፊት

«ብር» የሚለው ቃል ራሱ የታሪኩን መነሻ ይነግረናል። ቃሉ መጀመሪያ የማዕድን ስም ነው። በአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ለረጅም ዘመን በገበያችን ይዘዋወር የነበረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በኦስትሪያ የተቀረጸ፣ ንግሥቲቱ ካረፈችም በኋላ እ.ኤ.አ. 1780 የሚለውን ቀን ሳይለውጥ መመታቱን የቀጠለ መሐለቅ ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ማዕድን ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስቀረጹት ብርም በክብደትና በንጽሕና ከዚሁ ጠገራ ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገበያው የሚያምነው ማዕድኑን ነበርና።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የምንዛሪውን ተመን የሚወስን የአገር ውስጥ ባለሥልጣን አልነበረም። የጠገራ ብር የውጭ ዋጋ የሚወጣና የሚወርደው በለንደንና በኒው ዮርክ በሚቆረጠው የብር ማዕድን ዋጋ መሠረት ነበር። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1925 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ በኒው ዮርክ አንድ አውንስ ብር ማዕድን ወደ 25 ሴንት ወርዶ ነበር። በሰኔ 1926 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ማዕድኑን በብዛት እንዲገዛ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ከሕጉ ጀርባ የነበሩትም ብር ማዕድን አምራች የሆኑት የምዕራብ ግዛቶች የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ናቸው። በሚያዝያ 1927 ዓ.ም. ዋጋው 81 ሴንት ደረሰ። አሁን ሒሳቡን ብንሠራ፣ በአንድ ጠገራ ውስጥ ያለው ማዕድን ብቻ ከ19 ሴንት ተነሥቶ ወደ 61 ሴንት ከፍ ብሏል ማለት ነው።

በእነዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የጠገራው የማዕድን ዋጋ በሦስት እጥፍ የጨመረው ኢትዮጵያ በሦስት እጥፍ ስለበለጸገች አልነበረም። ያንጊዜ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ላይ ነበረች። ይኸው የዋጋ ንረት ገንዘቧን በብር ማዕድን ላይ መሥርታ የነበረችውን ቻይናን ክፉኛ በመጉዳቱ፣ ቻይና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሥርዓቱን ለመተው ተገድዳለች። የመጀመሪያው ትምህርታችን ከዚህ ይገኛል፤ የገንዘባችን የውጭ ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ ምክንያቱ ከእኛ ፈጽሞ የራቀ ሊሆን ይችላል።

የ1937 ዓ.ም. አዋጅ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአገሪቱ ጠገራው፣ የጣሊያን ሊሬና የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተደባልቀው ይዘዋወሩ ነበር። በዚያ ወቅት የራስን ገንዘብ ማውጣት ከሒሳብ በላይ የሉዓላዊነት ጥያቄም ነበር። ኢትዮጵያ በሐምሌ 1936 ዓ.ም. በብሬተን ውድስ ጉባኤ ላይ ከተወከሉት አራት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በዓመቱ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን በሆነው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በአዋጅ የቆመው አዲሱ ገንዘብ በሥራ ላይ ዋለ። ስሙ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር። በእንግሊዝኛም «ብር» የተባለው በ1969 ዓ.ም. ነው። የቆዩ ሰነዶችን የምትመረምሩ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ በዘመኑ ሰነድ ውስጥ «ዶላር» የሚለውን ቃል ስታገኙ የማን ዶላር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትለፉ።

የአዲሱ ብር ዋጋ በወርቅ ተወሰነ። ያ የወርቅ መጠን ሲሰላ 40.25 የአሜሪካን ሴንት ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ የአሜሪካን ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው ሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በዶላር ሲሰላ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ አዲሱ ብር የቆመው ሕዝቡ አስቀድሞ በሚያውቀው ሽልንግ ልክ ነበር።

ፈተናው የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በመስከረም 1942 ዓ.ም. እንግሊዝ የፓውንዷን ዋጋ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር ዝቅ አደረገች። ገንዘባቸው ከፓውንድ ጋር የተሳሰረ በርካታ አገሮችም ተከተሏት። ኢትዮጵያ ግን በወርቅ ልኳ ጸናች። በዚህም ምክንያት ትናንት ሁለት ሽልንግ የነበረው ብር በአንድ ጊዜ 2.87 ሽልንግ ገደማ ሆነ። እንግሊዝ ዝቅ ስላለች እኛ ከፍ አልን ማለት ነው። ብሩ ከፓውንድ ቀጣና ወጥቶ በዶላር ሰፈር የጸናው ያን ጊዜ ነው። የወጪ ንግዳችን ዋና ምሰሶ የሆነው ቡና በብዛት ወደ አሜሪካ ይሄድ ስለነበር ውሳኔው ትርጉም ነበረው።

ታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ዓ.ም. የቀድሞው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሥራ ሲጀምሩ፣ ተመኑም 2 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ለውጡ ከአንድ በመቶ ያነሰ ነበር።

2.07 ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ቁጥራችን ደርሰናል። ተመኑ ከ2.50 ወደ 2.07 እንዴት ወረደ? ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብሩ ከፍ ማለቱ ነውና፣ ኢትዮጵያ አንድ ታላቅ የኢኮኖሚ ክንውን ፈጽማ መሆን አለበት ብሎ መገመት ይቀናል።

መልሱ የሚገኘው በዋሽንግተን ነው። በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላር በወርቅ የሚመነዘርበትን መስኮት ዘጉ። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. ኃያላኑ መንግሥታት በዋሽንግተን ተስማምተው የአንድ አውንስ ወርቅ ይፋዊ ዋጋ ከ35 ዶላር ወደ 38 ዶላር ከፍ እንዲል ተደረገ። በየካቲት 1965 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 42.22 ዶላር ከፍ አለ። ሁለቱም እርምጃዎች የዶላሩን ዋጋ ዝቅ የሚያደርጉ ነበሩ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ጊዜ የብሯን የወርቅ ልክ ሳትነካ ተወችው።

ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልትሠሩት ትችላላችሁ። 2.50ን በ35 አባዝታችሁ ለ38 አካፍሉ፤ 2.30 ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው ለውጥ ይህ ነው። ውጤቱን መልሳችሁ በ38 አባዝታችሁ ለ42.22 አካፍሉ፤ 2.07 ይመጣል። የምናወድሰው ቁጥር ያለ አንዳች ተጨማሪ መላ ምት ከአሜሪካ ሁለት ውሳኔዎች ይወጣል። ብሩ በቆመበት ቆሞ ዶላሩ ነው የወረደው። ጊዜውም የ1965 ዓ.ም. የወሎ ድርቅና ረኃብ ዘመን እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ገንዘባችን በዶላር ሲመዘን ከፍተኛውን ዋጋ ያገኘው ወገኖቻችን በረኃብ በሚረግፉበት ዓመት ነበር። ተመን የአገር ጤና መለኪያ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

አንድ ወር፣ ሁለት ጎረቤታሞች

የጂቡቲን ፍራንክ ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዶላር ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ ተመኑ ለአንድ ዶላር 214.392 ፍራንክ ነበር። የአሜሪካ ሁለት ውሳኔዎች እርሱንም ነክተውታል፤ ከየካቲት 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ይህ ተመን ዛሬም አልተለወጠም። የእኛ 2.07 እና የጂቡቲ 177.721 የአንድ ወር ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ታዲያ አንዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጸና ሌላው ለምን ፈረሰ? ልዩነቱ በአሠራሩ ላይ ነው። ጂቡቲ የምታወጣው ፍራንክ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ክምችት የተሸፈነ እንዲሆን ሕጓ ያስገድዳል። ፍራንክ ይዞ የመጣ ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ በዚያው ተመን ዶላር ይወስዳል። የእኛ ተመን ግን የቆመው በክምችት ሳይሆን በፈቃድ ነበር። ዶላር የሚሰጠው ለተፈቀደለት ሰው፣ ለተፈቀደ ዕቃ፣ በተፈቀደ መጠን ነበር። ይህን ስል የጂቡቲን መንገድ ለእኛ አርአያ አድርጌ አላቀርብም፤ ከወደብና ከውጭ የጦር ሰፈሮች ኪራይ ዶላር የሚያገኝ አነስተኛ አገርና ሰፊ ገበሬ ያለው አገር አንድ ዓይነት መድኃኒት አይወስዱም። ማለት የፈለግሁት፣ ሁለት ያልተነቃነቁ ቁጥሮች በሠንጠረዥ ላይ አንድ ሊመስሉ ቢችሉም፣ አንዱ ማንም ሊገዛበት የሚችል ዋጋ፣ ሌላው ደግሞ ወረፋ ያለበት ኮታ ሊሆን እንደሚችል ነው።

የቡናው ሒሳብ

ኮታ ባለበት ሁሉ ልዩነቱን የሚከፍል ሰው አለ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት በጥቁር ገበያ የአንድ ዶላር ዋጋ ወደ 7 ብር ይጠጋ ነበር። ይህም ከይፋዊው ተመን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ መቶ ዶላር የሚያወጣ ቡና ወደ ውጭ ተልኳል እንበል። ዶላሩ በሕግ ለባንክ ይገባል፤ ለቡናው የሚመለሰው 207 ብር ነው። ያው መቶ ዶላር በገበያ 700 ብር ያወጣል። በመካከሉ 493 ብር አለ። ከ207ቱም ቢሆን ታክስ፣ የማጓጓዣና የመንግሥት ገበያ ድርጅት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው ገበሬው ድርሻውን የሚያገኘው።

493ቱ ብር በአየር ላይ አልቀረም። መቶ ዶላሩን በ207 ብር እንዲገዛ ለተፈቀደለት ሄዷል። ከሁሉ ቀዳሚው ራሱ መንግሥት ነው፤ ለጦርነቱ፣ ለነዳጁ፣ ለልማት ድርጅቶቹ። ቀጥሎ የአስመጪነት ፈቃድ የነበራቸው ነበሩ። በስማቸው የተጻፈ የግብር ደረሰኝ ባይኖርም፣ የጅማና የሲዳሞ፣ የወለጋና የሐረርጌ ቡና አምራቾች በየዓመቱ ከባድ ግብር ከፍለዋል። ይህ ግብር በማንኛውም የበጀት አዋጅ ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው 2.07 ተብሎ ነው።

ገበሬው ግን ለዋጋ ምላሽ የሚሰጥ ሰው ነው። ቡና በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ሾለከ። በሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ብዙ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ለዚህ የመሬት ጥበትና የገበያ ቅርበትም ምክንያት መሆናቸው ባይካድም፣ የቡናው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ መያዙ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ችግሩ ገነነ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአማካይ ከአንድ ዶላር በላይ የነበረው የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በ1992 ወደ 50 ሴንት ገደማ ወረደ። ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ግማሽ ዋጋውን ሲያጣ ቁጥሩ አሁንም 2.07 ነበር።

ለፍትሕ ሲባል የሌላውንም ወገን መከራከሪያ መስማት ይገባል። የቆመ ተመን ለተመደበለት መድኃኒትና ነዳጅ ዋጋው እንዲረጋ ረድቷል፤ ለከተማው ነዋሪም በተወሰነ ደረጃ ከለላ ሰጥቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከለላው በነጻ አልመጣም። ሒሳቡ የተላከው ወደ ገጠር ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ

የሽግግር መንግሥቱ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ተመኑን በአንድ ቀን ከ2.07 ወደ 5 ብር አደረሰው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ ግራ የሚጋቡበትን አንድ ነጥብ ላብራራ። የዶላሩ ዋጋ በብር ሲታይ 141.5 በመቶ ጨምሯል፤ የብሩ ዋጋ በዶላር ሲታይ 58.6 በመቶ ቀንሷል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለካው ነገር ግን ይለያያል። በፖለቲካ ክርክር አንዱ ወገን ትልቁን፣ ሌላው ትንሹን ቁጥር ሲመርጥ የምትሰሙት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የተጓዘውን መንገድ ባጭሩ ላስቀምጥ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ተጀመረ። በሐምሌ 1987 ዓ.ም. ይፋዊው ተመንና የጨረታው ተመን አንድ ሆኑ። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. ጨረታው ቀርቶ የባንኮች የእርስ በርስ የምንዛሪ ገበያ ተተካ። በዚህ ዘመን የጥቁር ገበያውና የይፋዊው ተመን ልዩነት በእጅጉ ጠቦ ነበር። ዶላሩ በ1994 ዓ.ም. 8 ብር ተኩል ገደማ ቢደርስም፣ ይህን ቁጥር የሚያገኘው ሰው ብዛት 2.07ን ያገኝ ከነበረው እጅግ ይበልጣል። በሠንጠረዡ ላይ «ድክመት» የሚመስለው በእውኑ ገበያ የመግቢያ በር መስፋት ነበር።

ከዚያ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአገራችን አማካይ የዋጋ ንረት ከ40 በመቶ አልፎ ሳለ ዶላሩ ዓመቱን ሙሉ ከ10 ብር በታች ነበር። የአገር ውስጥ ዋጋ በዚያን ያህል ሲጨምር ተመኑ ጥቂት ብቻ ከተንቀሳቀሰ፣ ብሩ በወረቀት ላይ ቢዳከምም በእውነተኛ ዋጋው ተወድዷል። የላኪው ወጪ በ40 በመቶ ጨምሮ ከዶላሩ የሚያገኘው ብር በጥቂት በመቶ ብቻ ከጨመረ፣ ለላኪው ነገሩ ከ2.07 ዘመን ጋር መመሳሰል ይጀምራል። ስለዚህም ተከታታይ የማስተካከያ እርምጃዎች ተወሰዱ። በነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ተመኑ ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ፣ በጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ከ23 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሳንቲም ገደማ ከፍ አለ። በእርምጃዎቹ መካከል ግን ወረፋው ተመልሶ ረዘመ፤ ጥቁር ገበያውም ተመልሶ ሰፋ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። በዋዜማው ይፋዊው ተመን 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ፣ የጥቁር ገበያው ከ110 ብር በላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይፋዊው ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ እ.ኤ.አ. 2024 ሳይጠናቀቅ ከ120 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የምትሠራ እኅት ለቤተሰቧ 200 ዶላር በባንክ ብትልክ፣ እጃቸው የሚገባው 11,500 ብር ገደማ ነበር። በጥቁር ገበያ ሲሆን 22,000 ብር። በሕጋዊው መንገድ የላከች ሰው ከገንዘቧ ግማሽ ያህሉን ተነጥቃለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1983 ዓ.ም. ቡና አምራች ጋር ያላትን ዝምድና ታስተውላላችሁ።

በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ ሸክሙ ትከሻ ቀይሯል። ከውጭ የሚገባው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በብር ሲሰላ ተወድዷል፤ የመንግሥት የውጭ ዕዳም እንዲሁ። የደመወዝተኛው ገቢ ግን ከዶላሩ ጋር አብሮ አልተነሣም። በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን መምህራን ይህን ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልገንም። ነገር ግን የራሳችንን ሕመም ለይተን ማወቃችን ከዚህ በፊት ሌላው ከፍሎልን የነበረውን እንዳናይ ሊያደርገን አይገባም። የሁለቱን ሸክሞች ልክ ማስተያየት የምርምር ሥራ ነው፤ በስሜት የሚፈታ አይደለም።

ሠንጠረዡን ስናነብ

ከዚህ ጉዞ ለተማሪዎቼ አራት የሥራ ጥያቄዎችን አስቀምጣለሁ። የምንዛሪ ተመን ሠንጠረዥ በእጃችሁ በገባ ጊዜ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አቅርቧቸው።

አንደኛ፣ ቁጥሩ በምን ላይ ቆሟል? በብር ማዕድን፣ በወርቅ፣ በክምችት፣ በፈቃድ ወይስ በገበያ? መሠረቱ ሲለወጥ ቁጥሮቹን በአንድ መስመር ላይ መደርደር ብቻውን ታሪክ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የተንቀሳቀሰው የትኛው ወገን ነው? በ1942 ዓ.ም. የተንቀሳቀሰው ፓውንድ ነው፤ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዶላር ነው፤ በ1985 ዓ.ም. ግን ብር ነው። ዶላርም ቢሆን የማይለዋወጥ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1992 በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። በ2.07 የተገዛው የመጨረሻው ዶላር የመጀመሪያውን ዶላር አንድ ሦስተኛ እንኳ አይገዛም ነበር።

ሦስተኛ፣ በዚያ ተመን ዶላር ማግኘት የቻለው ማን ነው? ማንም ሊገዛበት የማይችል ዋጋ እንደ ዋጋ ሊቆጠር አይገባውም። ከይፋዊው ቁጥር ጎን የጥቁር ገበያውን ቁጥር ያላስቀመጠ ጥናት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው።

አራተኛ፣ ልዩነቱን ማን ከፈለ? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ መልሱ በባንክ መዝገብ ውስጥ አይገኝምና። የሚገኘው በቡና ነጋዴዎች የሒሳብ ደብተር፣ በገበሬ ማኅበራት ሰነድ፣ በጉምሩክ የኮንትሮባንድ መዝገብ፣ ከውጭ አገር በተላኩ የቤተሰብ ደብዳቤዎች፣ ከሁሉም በላይ በአረጋውያን ቃል ውስጥ ነው። እነዚህ ምንጮች በየዓመቱ እየጠፉ ናቸው። በ1970ዎቹ ቡና ያስረከቡ ገበሬዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። የማስተርስና የዶክትሬት ርእስ ለምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ የሚቀርብ፣ ከዚህም የሚያስቸኩል ሥራ ያለ አይመስለኝም።

«ያኔ ዶላር ሁለት ብር ነበር» ሲባል ስትሰሙ፣ ተናጋሪውን አክብራችሁ አድምጡት፤ የሚናገረው ስለ ጠፋ መረጋጋት ነው፤ ናፍቆቱም እውነተኛ ነው። ካዳመጣችሁት በኋላ ግን በዚያ ዘመን ቡናውን ስንት ሸጦት እንደነበር ጎረቤቱን ገበሬ ጠይቁት።